ወኪሉ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ፈቃድ እንዳለው በምን ላረጋግጥ?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። አባቴ በባንክ ብድር አይሱዙ ገዝተዋል፤ በቆሎና በርበሬ ጭነን አዲስ አበባ ልንመላለስባት ነው። ባንኩ ሙሉ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው ሲለን አክስቴ የምታውቀው የሰፈራችን ልጅ ‹የኢንሹራንስ ወኪል ነኝ› ብሎ ቤት ድረስ መጣ። ፎቶውና የኩባንያ አርማ ያለበት፣ በላስቲክ የታሸገ መታወቂያ አሳየን። ፎርሙን እኔ እሞላዋለሁ፣ እናንተ ፈርሙ ብቻ አለ። የጠራው ዋጋ ሌላ ኩባንያ ጠይቄ ከሰማሁት በግማሽ ያህል ያንሳል። 5,000 ብር ቀብድ በቴሌብር በስልኩ ልከንለታል፤ ቀሪውን ነገ ላኩልኝ ይላል። ትክክለኛ ፈቃድ ያለው መሆኑን በምን ላረጋግጥ? ደግሞስ ፈቃድህን አሳየን ብለው አይቀየምም?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምልህ ቀሪውን ገንዘብ ወደ ልጁ ስልክ እንዳትልክ ነው። ልጁን አላውቀውም፤ ጨዋና ታታሪ ወኪል ሊሆን ይችላል። ቢሆንም እንኳ የአይሱዙዋ አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ገንዘብ፣ መግባት ያለበት በኩባንያው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ነው። በዚህ ከጸናህ የቀረውን ተረጋግተህ ለማጣራት ጊዜ ታገኛለህ።

እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት በካሳ ክፍል ነው። ኢንሹራንስ ሲሸጥ ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል፤ ሽያጩ ላይ የተበላሸው የሚገለጠው ጉዳት ደርሶ ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ ካሳ ክፍል ሲመጣ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለውን የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ጭነት ይዞ የወረደ ሰው ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ይገባዋል። መኪናው የተገለበጠበት ሰው «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ውል የለንም» ሲባል አይቻለሁ። አባትህ ዕዳው ገና ባልተከፈለ መኪና እዚያ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ አልፈልግም።

አሁን ወደ ፈቃዱ። በአገራችን የመድን ሥራ ፈቃድ የሚሰጠውና ሥራውን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ኩባንያው ብቻ ሳይሆን ወኪሉም፣ ብሮከሩም፣ ጉዳት ገማቹም ከብሔራዊ ባንኩ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። ስለዚህ ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የወጣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሥልጠና ሰርተፊኬት፣ አርማ ያለበት ቲሸርት፣ አንዳቸውም የወኪልነት ፈቃድ አይደሉም። ያሳያችሁ በላስቲክ የታሸገ ካርድም እንደዚሁ። ካርድ ፎቶ ኮፒ ቤት ይታተማል። እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚነግርህ ካርዱ በወጣበት ቀን ልጁ ከኩባንያው ጋር እንደነበረ ብቻ ነው፤ ዛሬ ስለመኖሩ ምንም አይነግርህም።

አንድ ነገር በተለይ ለአባትህ ንገራቸው። በ1967 የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ፣ የግል ኩባንያዎች እንደገና እስከተፈቀዱበት እስከ 1986 ድረስ መድን የሚሸጠው መንግሥት ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን የኖሩ አባቶች አንድ ሰው «ከመድን ነው የመጣሁት» ሲላቸው መንግሥት የላከው ይመስላቸዋል። ዛሬ በርካታ የግል ኩባንያዎች በገበያው ላይ ናቸው፤ የአንዱ ስም ከሌላው ጋር ለመምታታትም ቅርብ ነው። ስለዚህ ልጁን የኩባንያውን ሙሉ ስምና የሚሠራበትን ቅርንጫፍ በወረቀት አጽፈህ ያዝ። ማጣራት የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ሰውየው ማን እንደሆነም ለይ። ወኪል የሚሠራው ለኩባንያው ነው፤ ኮሚሽኑንም የሚከፍለው ኩባንያው ነው። ብሮከር ደግሞ ፈላጊውን ወክሎ ከተለያዩ ኩባንያዎች ዋጋና ሽፋን ያፈላልጋል። ሦስተኛው በደመወዝ የተቀጠረ የኩባንያው የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ እሱን የምትጠይቀው የሠራተኛ መታወቂያውንና አለቃው ማን እንደሆነ ነው። «ሁሉንም ነኝ» ወይም «ከየትኛውም ኩባንያ ላወጣልህ እችላለሁ» የሚል ሰው ወኪል ነኝ ካለ፣ እዚያው ላይ ቆም በል። ከአረቦኑ ላይ ለራሱ «የአገልግሎት» የሚል ጭማሪ ከጠየቀም እንዲሁ።

ማጣራቱ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ኩባንያው፣ ቀጥሎ ሰውየው፣ መጨረሻ ወረቀቱና ገንዘቡ። ኩባንያው ቀላሉ ነው፤ ፈቃድ ያላቸው መድን ሰጪዎች ስም ዝርዝር በብሔራዊ ባንኩ ድረ ገጽ ላይ አለ። ኢንተርኔት በማይሠራበት ሳምንት ብድሩን የሰጣችሁ ባንክ ቅርንጫፍ ገብተህ ጠይቅ፤ የብድር ክፍል ሠራተኞች ኩባንያዎቹን በየቀኑ ስለሚያገኟቸው ያውቋቸዋል።

የሰውየው ጉዳይ ትንሽ ልፋት አለው። ልጁን የፈቃዱን ኮፒ ጠይቀው። ኮፒው ላይ ሙሉ ስሙን ከቀበሌ መታወቂያው ወይም ከፋይዳው ጋር አመሳክር፤ የፈቃድ ቁጥሩን፣ የሚወክለውን ኩባንያ ስም፣ ፈቃዱ የጠቅላላ መድን (እንደ መኪና ያለ ንብረት የሚገባበት) ይሁን የሕይወት፣ የተሰጠበትንና የታደሰበትን ቀን ተመልከት። የሕይወት መድን እንዲሸጥ የተፈቀደለት ሰው የአይሱዙ ኢንሹራንስ ልሽጥልህ ሊልህ አይገባም። ቀኑ ያለፈበት ፈቃድም እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፤ «እድሳት ላይ ነው» ካለህ እስኪታደስ ጠብቀው።

ከዚያ ኮፒውን ይዘህ ራስህ ወደ ኩባንያው ቅርንጫፍ ሂድ። ፍኖተ ሰላም ላይ ቅርንጫፍ ካለው እዚያው፣ ከሌለው ቡሬ ወይም ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር። መንገዱ አስቸጋሪ በሆነበት ቀን በስልክም ይቻላል፤ ግን ስልክ ቁጥሩን ልጁ ከሰጠህ ካርድ ላይ እንዳትወስድ። ካርዱ የሐሰት ከሆነ ስልኩን የሚያነሳው ጓደኛው ነው። ቁጥሩን ከኩባንያው ድረ ገጽ፣ ቅርንጫፉ በር ላይ ካለው ታፔላ፣ ወይም ከዚያው ኩባንያ መኪናውን ያስገባ ሰው ካለ ከእሱ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውሉ ወረቀት) ላይ ውሰድ። ስታገኛቸው እንዲህ በላቸው፦ «እገሌ የተባለ፣ የፈቃድ ቁጥሩ ይህ የሆነ ሰው ዛሬ የእናንተ ወኪል ነው ወይ? ውሉ እየሠራ ነው ወይ? አረቦን በእጁ ወይም በስልኩ እንዲቀበል ፈቅዳችሁለታል ወይ?» ሦስተኛውን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል። ብዙ ወኪል ደንበኛ እንዲያመጣ ተፈቅዶለት ገንዘብ እንዲቀበል ግን አልተፈቀደለትም። የመለሰልህን ሠራተኛ ስምና የተነጋገራችሁበትን ቀን መዝግበህ አስቀምጥ።

«ዛሬ» የሚለውን ቃል ጥያቄው ውስጥ ያስገባሁበት ምክንያት አለኝ። በቅርብ ከማውቃቸው ጉዳዮች አንዱ የአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ ሰውየው ከምሥራቅ ጎጃም ናቸው። ኢንሹራንሱን የሸጠላቸው ወኪል ሐሰተኛ አልነበረም። ለዓመታት ሲያገለግላቸው የኖረ፣ ፈቃድ የነበረው ሰው ነው። ኩባንያው ግን ውሉን ከወራት በፊት አቋርጦ ነበር፤ ደረሰኝ ጥራዙንና ፎርሞቹን ግን አልሰበሰበም። ወኪሉ በአሮጌው ደረሰኝ የዓመቱን አረቦን ተቀብሎ ሄደ። ወፍጮ ቤቱ ተቃጠለና ወረቀታቸውን ይዘው ቢመጡ «ይህ ሰው የእኛ አይደለም» ተባሉ።

ሕጉ እንደ እሳቸው ያለውን ሰው ባዶ እጁን አይተወውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና በሚናገረው ክፍል ቁጥር 2195 መሠረት፣ ወካዩ የሰጠውን ሥልጣን ማንሳቱን ለሦስተኛ ወገን ያላሳወቀ፣ የውክልና ሰነዱን ያላስመለሰ፣ ወይም በንግግሩና በድርጊቱ ሰው ወኪሉን እንዲያምን ያደረገ እንደሆነ ከወኪሉ ጋር አብሮ ኃላፊ ይሆናል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤትም በዚህ ተከራክረው በስተመጨረሻ ከገንዘባቸው ከፊሉን በስምምነት አገኙ። ግን ወፍጮው ቆሞ፣ ጠበቃ ተቀጥሮ፣ ብዙ ወራት በምልልስ ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ስልክ ያንን ሁሉ ያስቀር ነበር። እናንተም ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ መብት ሊኖራችሁ ይችላል፤ ባንኩ ግን የወር ክፍያውን ፍርድ እስኪሰጥ አይጠብቅም።

አይቀየምም ወይ ላልከው። ፈቃድ ያለው ወኪል አይቀየምም። እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ ያለ ፈቃድ የሚዞሩት ሰዎች ገበያውን የሚያበላሹበት በእሱ ላይ ነው። ጎጃም ውስጥ ሰው የሚያውቀውን ሰው ወረቀት መጠየቅ እንደ ነውር እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ በተለይ በአክስት በኩል የመጣ ከሆነ። ይሉኝታ ሰውን አክብሮ የሚያኖር ደግ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ለአታላዩ ነው የሚያገለግለው። ዕቁብ ስንጥል ዳኛና ጸሐፊ የምናስቀምጠው አባላቱን ስለጠረጠርን አይደለም፤ ገንዘብ ባለበት ቦታ መዝገብ ስለሚያስፈልግ ነው። ልጁን በዚሁ መንፈስ አናግረው፦ «ወንድም ዓለም፣ መኪናዋ የብድር ስለሆነች ወረቀቱ ሁሉ ያለቀለት መሆን አለበት። የፈቃድህን ኮፒ ስጠን፤ ክፍያውንም አብረን ቅርንጫፍ ሄደን እንፈጽም፤ ኮሚሽንህም በስምህ ይያዝልሃል።» ከልቡ ወኪል የሆነ ሰው «እሺ፣ መቼ እንሂድ» ይልሃል። «አታምኑኝም እንዴ?» ብሎ የሚያኮርፍ፣ «ቅርንጫፍ ከሄዳችሁ ዋጋው ይጨምራል» የሚል፣ «ቅናሹ ነገ ያበቃል» እያለ የሚያጣድፍ ከሆነ መልሱን አገኘህ። አክስትህንም ቀደም ብለህ አናግራት፤ ልጁን ያመጣችው በቅንነት ነውና ነገሩ ከጀርባዋ እንደተደረገ አይሰማት። ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች፤ ከኩባንያው ጋር ያለው ውል ዛሬም የጸና መሆኑን ግን እሷ ልታውቅ አትችልም።

ስለ ዋጋው ደግሞ ልንገርህ፤ እውነቱን ለመናገር ከካርዱ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። በኩባንያዎች መካከል የተወሰነ ልዩነት ይኖራል። ግማሽ ለግማሽ ልዩነት ሲሆን ግን ከአራት ነገሮች አንዱ አለ። አንደኛው፣ ገንዘቡ ወደ ኩባንያው ጨርሶ አይገባም። ሁለተኛው፣ «ሙሉ» እየተባለ የሚሸጥላችሁ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ ይህ መኪናዋ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት እንጂ ለመኪናዋ ለራሷ ሳንቲም አያወጣም። ሦስተኛው፣ የመኪናዋ ዋጋ ፎርሙ ላይ ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል። ይህን ፈቃድ ያላቸው ወኪሎችም ሽያጭ እንዳያመልጣቸው ሲያደርጉት አይቻለሁ። 2,000,000 ብር የምታወጣ መኪና በ1,000,000 ብር ትገባለች እንበል። 400,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ሲደርስባት ኩባንያው «በግማሽ ዋጋዋ ነው ያስገባችሁት» ብሎ 200,000 ብር ያሰላል፤ ከዚያም ላይ ከጉዳቱ እናንተ ራሳችሁ እንድትሸከሙ ውሉ ላይ የተጻፈውን ድርሻ ይቀንሳል። አረቦኑ ላይ ያተረፋችሁት ጋራዥ ላይ በብዙ እጥፍ ይመለስባችኋል።

አራተኛው የሽፋኑ መጥበብ ነው፤ በእኛ አካባቢ ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ይህ ይመስለኛል። መደበኛ የመኪና ፖሊሲ ጦርነትን፣ ሁከትንና የመሳሰሉትን ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን የሚባለው ለብቻው ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎ የሚገዛ ነው። «ሙሉ ነው፣ ሁሉንም ይሸፍናል» ያለህን ሰው ይህን ጥያቄ በስሙ ጠይቀው፦ መንገድ ላይ ተኩስ ቢመታት፣ ብትቃጠል፣ ብትዘረፍ ይሸፍናል ወይ? የትኛው አንቀጽ ላይ? ሥራውን የሚያውቅ ወኪል የሚሸፈነውን ለይቶ፣ የማይሸፈነውንም ሳይደብቅ ይነግርሃል። «አዎ፣ አዎ» ብቻ የሚልህ ሰው ፈቃድ ቢኖረውም ምክሩ አይጠቅምህም። ይህን ሽፋን ከፈለጋችሁት ኩባንያው ለእናንተ መስመር ይሰጠው እንደሆነና ዋጋውን ከቅርንጫፉ ጠይቁ፤ ከሰጣችሁም ፖሊሲው ላይ ተጽፎ እዩት።

ፎርሙን «እኔ እሞላዋለሁ፣ ፈርሙ ብቻ» ያለውን አትቀበሉ። ፎርሙ ላይ የሚጻፈው ሁሉ የአባትህ ቃል ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም የጸና ነው፤ በእሱ መሠረት መድን ገቢው ስለ ንብረቱ የሚያውቀውን ለመድን ሰጪው በትክክል መግለጽ አለበት፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ከተገኘ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ልጁ አረቦን ለመቀነስ «የራስን ዕቃ ብቻ ትጭናለች» ብሎ ቢጽፍና እናንተ በኪራይ የሰው እህል ስትጭኑ ጉዳት ቢደርስ፣ የሚጠየቁት ፈራሚው አባትህ ናቸው። ሹፌሩ ማን ነው፣ መንጃ ፈቃዱ ለዚህ መኪና ይበቃል ወይ፣ መኪናዋ ከዚህ በፊት ተጋጭታ ታውቃለች ወይ፣ ሁሉንም አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሙሉ። አባትህ ማንበብ የሚከብዳቸው ከሆነ ጮክ ብለህ አንብብላቸው፤ ከዚያ ይፈርሙ። የተፈረመውን ፎርም በስልክህ ፎቶ አንሳው። ለሙሉ ሽፋን ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋን ማየት ይፈልጋል፤ መኪናዋን ማንም ሳያያት «አልቋል» ከተባላችሁ ጠይቁ።

እናንተ ደግሞ ሌሎች የሌላቸው አንድ ጥቅም አላችሁ፤ ብድሩ። ባንኩ መኪናዋን በመያዣነት ስለያዘ ፖሊሲው ላይ የባንኩ ጥቅም እንዲጻፍ ይፈልጋል፤ ጉዳት ቢደርስ ካሳው መጀመሪያ ወደ ዕዳው እንዲሄድ ማለት ነው። ስለዚህ የፖሊሲውን ትክክለኛነት ማወቅ የእሱም ጉዳይ ነው። የብድር ክፍሉን «ይህን ፖሊሲ ከኩባንያው ጋር አረጋግጡልን» ብትል ይተባበሩሃል፤ ራሱ ባንኩም በየትኛው ኩባንያ እንዲገባ እንደሚቀበል ይነግርሃል። ከልጁ ኩባንያ የመጣውን ወረቀት ባንኩ አልቀበልም ካለ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ማወቁ ይሻላል።

መኪናዋ እስከዚያው ድረስ እንዳትነሳ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ መንገድ ላይ መውጣት ያስቀጣል፤ ሰው ቢጎዳ ደግሞ ዕዳው የባለቤቱ ነው። መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው ለዚሁ ከተቋቋመው የመድን ፈንድ ሊካስ ይችላል፤ ፈንዱ ግን የከፈለውን ከመኪናው ባለቤት ላይ መልሶ ይጠይቃል። ሥራው ከቸኮለባችሁ የሦስተኛ ወገኑን ሊብሬውን ይዛችሁ ራሳችሁ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ግዙ፤ ቀላልና ፈጣን ነው። ሙሉውን ሳትጣደፉ ትጨርሱታላችሁ። መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ስቲከር ከቅርንጫፉ በቀር ከማንም እጅ አትቀበሉ፤ የሐሰት ስቲከር የሚሸጡ አሉ፤ ትራፊክ ፖሊስ ፊት ቢያልፍ እንኳ አደጋ ሲደርስ ዋጋ የለውም።

በመካከል አንድ ነገር ላንሳ፤ ጥያቄህ ውስጥ የለም፣ ግን በየገጠሩ ይነሳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሌላ ነገር ነው። እኛ ዘንድ በ2003 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የራሳችን ደቡብ አቸፈር ነበር። ምዝገባው የሚሄደው በቀበሌና በወረዳ በኩል ነው። ቤት ለቤት እየዞረ «የጤና መድን ወኪል ነኝ፣ በቴሌብር ላኩ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቀበሌውን ጠይቁ።

ልጁ ሁሉንም ካለፈና ኢንሹራንሱን ከገዛችሁ፣ ክፍያው በኩባንያው ስም ወዳለው የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ከሆነ በኩባንያው ስም ወደተመዘገበ የክፍያ ቁጥር ይሁን፤ ገንዘቡን ከመላክህ በፊት ስልኩ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም አንብብ። የሰው ስም ካወጣ ተወው። ደረሰኙ የኩባንያው የታተመ ደረሰኝ ይሁን፤ በደብተር ወረቀት የተጻፈ «ተቀብያለሁ» ደረሰኝ አይደለም። ፖሊሲው ሲመጣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። የአባትህ ስም እስከ አያት፣ የመኪናዋ ዋጋ፣ የአገልግሎት ዓይነቷ፣ ሽፋኑ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የባንኩ ስም መኖሩን እይ።

ከዚያም ጥቂት ቀን ቆይተህ እንደገና ወደ ቅርንጫፉ ደውልና የፖሊሲውን ቁጥር ስጣቸው። «ይህ ቁጥር በመዝገባችሁ አለ? በማን ስም? አረቦኑ ሙሉ በሙሉ ገብቷል?» ይህ ሁለተኛው ስልክ ከሁሉ ማጣሪያ ይበልጥብኛል። ፈቃድ ያለው፣ ውሉ የጸና፣ ካርዱም እውነተኛ የሆነ ሰው ገንዘቡን ይዞ ሊዘገይ ወይም ከፊሉን ሊያስቀር ይችላል፤ የሚያጋልጠው ይህ ብቻ ነው። በየዓመቱ ስታድሱም ድገመው፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጉዳት የደረሰባቸው አዲስ ሲገዙ ሳይሆን ሲያድሱ ነበር።

ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ለወኪሉ መንገር ብቻ አይበቃም። የንግድ ሕጉ መድን ገቢው አደጋውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲያሳውቅ ያዛል። ወኪሉ ስልኩን ዘግቶ ወይም አገር ቤት ሄዶ ቀኑ ቢያልፍ የምትከራከረው አንተ ነህ። በቀጥታ ለቅርንጫፉ አሳውቅ፤ የጽሑፍ ማስታወቂያ አስገብተህ ኮፒው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርግ።

የላካችሁት 5,000 ብር ላይ ልጨርስ። ነገ ጠዋት ከልጁ ጋር ሳትጣላ፣ ከላይ ያልኩህን ጥያቄ ይዘህ ቅርንጫፉን አናግር። ወኪላቸው ከሆነ ገንዘቡ በኩባንያው ደረሰኝ እንዲመዘገብ ወይም እንዲመለስላችሁ በእነሱ ፊት ጠይቁ፤ ቀሪውን እዚያው በሒሳባቸው ክፈሉ፤ ልጁም ደንበኛውን አያጣም። ወኪላቸው ካልሆነ በጽሑፍ እንዲነግሩህ ጠይቅ። የቴሌብር መልእክቱን የግብይት ቁጥሩን እንደያዘ አታጥፋው፤ ልጁ የጻፈልህን መልእክት፣ የካርዱን ፎቶና የፎርሙን ኮፒ አንድ ላይ አስቀምጥ። በሽማግሌ ገንዘቡን ካስመለሳችሁ መልካም፤ ግን በዚያ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ያለ ፈቃድ የመድን ሥራ መሥራት ወንጀል ስለሆነ ለፖሊስም፣ ለኩባንያውም፣ ለብሔራዊ ባንኩ የመድን ቁጥጥር ክፍልም በደብዳቤ አሳውቁ። እናንተ ቀብድ ብቻ ሰጥታችሁ ነቅታችኋል፤ ጎረቤት ቀበሌ ውስጥ ሙሉውን ከፍሎ ዛሬ ሌሊት መኪናውን የሚያስነሳ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ልጁ ለማን ለማን እንደሸጠ አክስትህ የምታውቀው ካለ ለእነሱም ሄዳችሁ ንገሯቸው።